ከቅጥሩ ውጭ

መቅደላዊት ለየትነበርሽ ወሬውን የነገረቻት ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው ገና ቁጭ እንዳሉ ነበር። የመቅደላዊት ባል የፊልጶስ ዝውውር ጸድቆ ጥቅምት ሳያልቅ ወደ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው። የትነበርሽ ከጥልፏ ቀና ሳትል «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች። ወዲያው መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙ ነጩን ጨርቅ እንዳይነካው ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ሌላ ቃል ማውጣት አለመቻሏንም በዚያው ሸፈነችው።

ሁለቱ ሴቶች ጎንደር ማራኪ ውስጥ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ተከራይተው ይኖራሉ፤ የሐበሻ ልብስ የሚሰፉበትን ሱቅም በጋራ ይዘውታል። በመካከላቸው ያለው ግን ከጉርብትናም ከሽርክናም አልፎ ዝምድና ሆኗል። የትነበርሽ ባምላክን ስታገባ ከሙሽራው ወገን ዝር ያለ ሰው አልነበረም። ፊልጶስ ሚዜም ወንድምም ሆኖ ቆመ፤ መቅደላዊት ድንኳኑን አስተክላ፣ እንግዳውን አስተናግዳ፣ ማታ እግሯ አብጦ ተኛች። ልጃቸው ፅዮን ስትወለድ ገንፎውን ያገነፋችው፣ ክርስትና ያነሳቻትም እሷው ናት።

የሙሽራው ወገን ያልመጣው በምክንያት ነበር። ባምላክ የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ አንድ ልጅ ነው። መሪጌታ በማሕሌት ድምፃቸው ጎንደር የሚያውቃቸው፣ አባታቸውም አያታቸውም ከደብር ያልተለዩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዲያቆን ሲሆን ተስፋቸው ሞላ፤ ከካህን ቤት አጭተውለት፣ ቀስሶ፣ እሳቸው ሲደክሙ በእግራቸው እንዲተካ ነበር ሐሳባቸው። እሱ ግን አንድ ቀን የሸማውን ጥለት ሊያስጠግን እነየትነበርሽ ሱቅ ገባ። ሸማውን በወሰደ በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ምንም ያልሆነውን ጠርዝ እያሳየ ላልቷል አለ። እንደገና ሲመጣ መቅደላዊት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ዲያቆን፣ ሸማውስ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሌላ ነው» አለችው። ባምላክ አንገቱን ደፋ። የትነበርሽም ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ መንገዱን ታይ ጀመር።

ነገር ግን የትነበርሽ ፈት ነበረች። ከዳባት ማዶ የደጋ ገበሬ ልጅ ናት፤ ገና በልጅነቷ ድረዋት፣ ወር ሳይሞላት ጎንደር አክስቷ ዘንድ ጠፍታ መጥታ ትዳሩ ፈረሰ። ዲያቆን ፈት ካገባ ደግሞ ክህነቱ ይፈርሳል። ይህን ባምላክ ከእሷ የበለጠ ያውቀዋል። እሷም ሳይጠይቃት በፊት ታሪኳን ነገረችው፤ ሰምቶ እንዲሄድላት ብላ። ሄደም። ወር ያህል ጠፍቶ ሲመለስ በእጁ ሸማ አልያዘም ነበር። «አስቤበታለሁ፤ ያላንቺ አይሆንልኝም» አላት። ሌላ አልጨመረም።

ይኸው አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ባምላክ አማርኛ ያስተምራል። አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። መሪጌታ ሚስታቸው ቀደም ብላ ሞታባቸዋለች፤ ከከተማው ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለት ዓመት ሊሞላት የተቃረበችውን የልጅ ልጃቸውን አይተዋት አያውቁም።

በዘመነ ጽጌ፣ ምድሩ አበባ ለብሶ የጽጌ ማሕሌት በሚቆምበት ሰሞን፣ ባምላክ እሁድ እሁድ ጎሕ ሳይቀድ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። የሚሄደው አባቱ ወደሚመሩበት ደብር ነው። አይገባም። ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ይቆምና ማሕሌቱ ሲያበቃ ዓይኑ ደም መስሎ ይመለሳል። የትነበርሽ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው አታውቅም። መልሱን የምታውቀው ይመስላት ነበር። በእሷ ምክንያት ያጣውን ነገር ሊሰማ ነው የሚሄደው ብላ ነበር የያዘችው።

ፊልጶስ ከመሄዱ በፊት አገሩን ልጥገበው አለ። የውኃ መሐንዲስ ስለሆነ «ጎንደር ውስጥ ከቧንቧ በቀር ያየሁት የለም» እያለ ያስቃቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ እንፍራንዝ ወርደው ከጉዛራ ግንብ ሆነው ጣናን ከሩቅ አዩ። በቀጣዩ ሳምንት፣ የሰሜኑ መንገድ ሰላም ነው ተብሎ ሚኒባሶች ሲመላለሱ፣ ልጅቷን ይዘው የትነበርሽ ወላጆች ዘንድ ወደ ዳባት ተነሡ።

ወለቃ ላይ መቅደላዊት መኪናውን አስቁማ ለአዲሱ ቤቷ የሸክላ ድስት ገዛች፤ እስከ ሐዋሳ ጭኔ ላይ ይዤው እሄዳለሁ አለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋው ወጣ። ዳገቱ ሁሉ አደይ አበባ ነው፤ ገብሱ መንጣት ጀምሯል፤ የሰሜን ተራሮች በሩቁ እንደ ጉም ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ፅዮን ከአባቷ ጭን ላይ ሆና ቢጫ ያየችውን ሁሉ በጣቷ እያሳየች «አበባ» ትላለች። የትነበርሽ ከፊት ወንበር ዞር ስትል የባምላክን ዓይን አገኘችው። ተራራውን አልነበረም የሚያየው፤ እሷን ነበር። ያኔ ያልተቀደደ ሸማ ይዞ እንደመጣ ጊዜ ዓይኑን ሰበር አደረገ። ይህ ሰው ዛሬም ይወደኛል አለች በልቧ፤ ግን የሚወድ ሰውም ይጸጸታል።

አባቷ አያ ዳኛው እስከ እርሻው ዳር ወጥተው ተቀበሏቸው። እናቷ ትርንጎ የባቄላ እሸት ቀቅላ ጠበቀቻቸው። አያ ዳኛው አማቻቸውን ይወዱታል፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «ሸጋ ሰው ሰጠኝ» ይላሉ። እሳት ዳር ተቀምጠው ሲጨዋወቱ፣

«ምነው፣ አባትህስ ደኅና ናቸው?» አሉት።

«ድምፃቸው ደኅና ነው» አለ ባምላክ። «አምና ትንሽ ሰልሎ ነበር፤ ዘንድሮ ተሻላቸው።»

አያ ዳኛው መልሱ ግራ ገባቸው፤ እሸት ጨመሩለት። የትነበርሽም አልገባትም።

በማግስቱ ጠዋት እሷ ለመንገድ የሚሆን እሸት ነቅላ፣ በነጠላዋ ጉያ ይዛ ስትመለስ፣ ከካቡ ወዲያ የባሏንና የፊልጶስን ድምፅ ሰማች። ፊልጶስ ሐዋሳ ላይ አስተማሪ የሚፈልግ ትምህርት ቤት እንዳገኘለት ይነግረዋል። እዚያ ማንም ታሪካቸውን አያውቅም፤ ዲያቆኑን ያሳተች ብሎ በሚስቱ ላይ የሚጠቋቆም የለም፤ ልጅቷም ይህን ወሬ ሳትሰማ ታድጋለች ይለዋል።

«ያን ዕለት ለአባቴ ያን ቃል ከምናገር ምላሴን በቆረጠው» አለ ባምላክ። «እሁድ እሁድ እዚያ ግንብ ሥር ስቆም የማስበው እሱን ነው። የትነበርሽ ግን ይህን እንዳትሰማ።»

የትነበርሽ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ባምላክ ያን ዕለት ለአባቱ የተናገረውን ቃል ታውቀዋለች፤ «እሷን ነው የማገባው» የሚል ነው። እሷ የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። እሸቱ ከጉያዋ ተዘርግፎ ሣሩ ላይ ተበተነ። ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመችው።

ሲመለሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተኛች መሰለች። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ሲጠና ባምላክ ከኋላ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ እጁም እዚያው ትንሽ ቆየ። ዓይኗን አልገለጠችም። እጁ ቀስ ብሎ ሲነሣ ግን ገላዋ ሁሉ ተከተለው።

ቀሪዎቹ ቀናት ዕቃ በማሰር አለፉ። አንድ ከሰዓት ባምላክ የነፊልጶስን ሳጥን በገመድ ሲጠፍር አጠገቡ ቆማ፣ ሐዋሳ ሥራ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለምን አንሄድም አለችው። ደስ ይለው ይሆናል ብላ ነበር፤ ከዚያ ግንብ ይላቀቃል ብላ። እሱ ግን ገመዱን እየሳበ ባጭሩ፣ «እኔ ከጎንደር አልወጣም» አላት። አለቀ፤ ከግንቡ እንኳ መለየት አልቻለም ማለት ነው አለች። በዚያ ሰሞን አስባ የማታውቀውን ማሰብ ጀመረች። ልጄን ይዤ አባቴ ዘንድ ብሄድ ምናልባት ከአባቱ ጋር ይታረቅ ይሆን? ይህን ባሰበች ቁጥር ደረቷ ውስጥ አንዳች ነገር ይሰበራል፤ ደጋግማ ግን ታስበዋለች።

ዕቃው በአይሱዙ ቀድሞ ሄደ። ሰዎቹን ለመሸኘት ሁሉም በአንድነት አዘዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ወረዱ። ወንዶቹ ከሻንጣው ጋር ሲቀሩ መቅደላዊት የትነበርሽን በእጇ ይዛ ወደ ዛፉ ጥላ ፈቀቅ አደረገቻት።

«ከዳባት ከተመለስን ወዲህ ፊትሽ ፊትሽ አይደለም» አለቻት። «የኔ መሄድ ብቻ አይደለም ይህ።»

የትነበርሽ ልትሸሽግ ሞከረች፤ ከመቅደላዊት መሸሸግ ግን ከዚህ ቀደምም ሆኖላት አያውቅም። ከካቡ ጀርባ የሰማችውን ነገረቻት። ልጇን ይዛ ለመሄድ ማሰቧንም ነገረቻት። መቅደላዊት በመሀል ሳትገባ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እስከ ዛሬ ባምላክ ሲከፋው ለፊልጶስ ይነግረዋል፤ አንቺ ሲከፋሽ ለኔ» አለች ከዚያ በኋላ። «እኔና ፊልጶስ ማታ ተገናኝተን፣ ያንቺን ለሱ፣ የሱን ላንቺ እያደረስን ስናስታርቃችሁ ኖርን። ከዛሬ ወዲያ እኛ የለንም፣ እህቴ። ቤታችን ሌላ ሰው ይገባበታል። ባልሽን ከካብ ጀርባ አትስሚው። ፊቱ ቁመሽ ጠይቂው።»

«የሚለኝን ብፈራስ?»

«ፈርተሽም ቢሆን ጠይቂው። እኔ ይህን ጥዬብሽ መሄድ አልችልም፤ መሄዴ ግን አይቀርም።»

መቅደላዊት በራሷ ነጠላ ጫፍ የጓደኛዋን እንባ ጠረገች፤ የራሷን ግን እንዲወርድ ተወችው። ፊልጶስ ባምላክን አቅፎ ሊቀልድ ሞከረ፤ ቀልዱን ግን ሳይጨርስ ሻንጣውን አነሣ። ፅዮን ብቻ ደስ ብሏት፣ በመግቢያው የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ እጇን እያወዛወዘች ሸኘች። የክርስትና እናቷ ድስቷን በክንዷ አቅፋ፣ ዞር እያለች፣ ሰው መሀል እስክትጠፋ ድረስ አዩዋት።

አውሮፕላኑ ሲነሣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ተመለከቱ። ልጅቷ በአባቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ከወዲያ የሚኒባስ ረዳቶች ፒያሳ፣ ፒያሳ ይላሉ። ባምላክ ወደዚያ መራመድ ሲጀምር የትነበርሽ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ባምላክ፣ ዳባት ላይ ለፊልጶስ ያልከውን ሰምቻለሁ።»

ዞር ብሎ አያት።

«እኔን ማግባትህ ከጸጸተህ ካንተው አፍ ልስማው» አለች። ድምጿ እንዳይንቀጠቀጥ ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የምታወጣው። «እሱን እችለዋለሁ። የማልችለው እሁድ እሁድ አልቅሰህ ስትመጣ ዝም ብዬ ቁርስ ማቅረቡን ነው።»

ባምላክ ልጅቷን ከትከሻው ወደ ክንዱ አወረዳት።

«አንቺን ማግባቴን? ይህን ያህል ዓመት ይህን ይዘሽ ነው አጠገቤ ስትተኚ የኖርሽው?»

«ታዲያ የተጸጸትክበት ቃል ምንድን ነው?»

ያኔ ነገራት። ያን ዕለት አባቱ፣ ለአንዲት ፈት ብለህ የአባቶችህን ክህነት ታፈርሳለህ ወይ አሉት። እሱም ተናደደ። እናቱ ባረፈችበት ጠዋት መሪጌታ ማሕሌት ላይ ነበሩ። እየጠራችዎት ነው ተብሎ ተላከባቸው፤ ዜማው እስኪያልቅ ሳይወጡ ቆይተው ሲደርሱ ዓይኗ ተከድኖ ነበር። ይህ ነገር በዚያ ቤት ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም። ባምላክ ግን በንዴት አነሣው።

«‹ሚስትዎን ለዜማ የተዉ ሰው ስለ ሚስት ምን ያውቃሉ› አልኳቸው» አለ። «አልተቆጡኝም። አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ዘጉት። መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። አንሥቼ እንኳ ሳልሰጣቸው ወጣሁ።»

የትነበርሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እሁድ የምሄደው ድምፃቸውን ለመስማት ነው» አለ። «እርጅናው ገፍቷቸዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። ከድምፃቸው ታመው እንደሆነ አውቃለሁ፤ በልተው እንደሆነም አውቃለሁ። ደኅና ናቸው ስል እመለሳለሁ። ክህነቱን እንደሆን ቆርጬ ነው የተውኩት። አንድ ቀን ወደኋላ አላየሁም። ያልነገርኩሽ እንደዚህ እንዳይመስልሽ ፈርቼ ነበር።»

የትነበርሽ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከእንባ ጋር ወጣ። ለዓመታት የተሸከመችው ድንጋይ የሷ አልነበረም። ወዲያው ግን ሌላ ሐዘን ገባት። በልቧ ጠላቴ ናቸው ያለቻቸው ሽማግሌ፣ በዚያ ባዶ ቤት ያን ቃል ይዘው ሲተኙና ሲነሡ ታዩአት።

«እሁድ ከቅጥሩ ውጭ አትቆምም» አለችው። «እንገባለን። ሦስታችንም።»

«ባያናግሩንስ?»

«ይቅርታህን ሰምተው ካላናገሩን እንመለሳለን። ያኔም ቤታችን አለን።»

ባምላክ መንገድ ላይ እጇን ይዟት አያውቅም ነበር፤ የደብር ልጅ ነውና ያፍራል። አሁን ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዛት። ረዳቱ ግቡ እንጂ እያለ ጠራቸው፤ መኪናው ሞልቶ ሲሄድም አላዩትም።

የጽጌ የመጨረሻው እሁድ ፀሐያማ ሆኖ ዋለ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲበተን መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የትነበርሽ በቅርብ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። አስፈሪ ሰው ነበር በሐሳቧ የሣለችው፤ ያየችው ግን ቀጭን፣ የነጠላቸው ጥለት የተተረተረ፣ ከሌሊቱ ድካም ጉልበታቸውን የሚያሻሹ ሽማግሌ ነው። ባምላክ ሄዶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። ያን ቃል አውቄ፣ ላቆስልዎት ብዬ ነው የተናገርኩት።»

አላፊ አግዳሚው ይመለከታል። የትነበርሽ ልጇን ይዛ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ከዚያ የሽማግሌው እጅ በልጃቸው ራስ ላይ አረፈ።

«ሐሰት ቢሆን በማግስቱ በረሳሁት ነበር» አሉ። «ተቆጥቼህ አይደለም የቀረሁት። እናትህ ስትጠራኝ ያልወጣሁ ሰው፣ አንተን በምን አፌ ልጥራህ?»

ባምላክ ቀና ሳይል አለቀሰ።

«ከቅጥሩ ውጭ እንደምትቆም የደብሩ ተማሪዎች ነግረውኛል» አሉ ቀጥለው። «በዚህ ዕድሜዬ እሁድ እሁድ ድምፄን ከፍ የማደርገው ለምን ይመስልሃል?»

የትነበርሽ ይህን ስትሰማ እንባዋን መያዝ አቃታት። ሁለት ሰዎች በአንድ ግንብ ወዲያና ወዲህ ሆነው ይህን ያህል ጊዜ ሲነጋገሩ ኖረዋል፤ ማንም አላወቀላቸውም። መሪጌታ ወደሷ ዞር ብለው በእጃቸው ጠሯት። ቀርባ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«ስምሽ ማነው፣ ልጄ?» አሏት። ስሟን ሳይሰሙ እንዳልቀሩ ታውቃለች። ከሷ አፍ ሊሰሙት እንደፈለጉም ገባት።

«የትነበርሽ።»

የቅኔ ሰው ናቸውና ስሙን በአፋቸው ውስጥ አገላበጡት።

«የት ነበርሽ ብዬ ቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝስ እኔ ነበርኩ» አሏት።

ፅዮን በእናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ጥምጥማቸውን ለመያዝ እጇን ሰደደች። ሽማግሌው እንደ ልብ እንድትደርስ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። ጥምጥማቸው ሲላላ አላስተካከሉትም። ጥቂት እንዲያ ከቆዩ በኋላ ወደ ሰማይ ቀና ብለው፣ ፀሐዩ ሕፃኗን ከበዳት፣ ወደ ቤት እንሂድ አሉ፤ ባምላክም ለመነሣት ክንዱን ሰጣቸው።

አባትና ልጅ ተደጋግፈው ቀድመው ቁልቁል ወረዱ። ፅዮን በአያቷ ጣት ተንጠልጥላ በመካከላቸው ትደነቃቀፋለች። የትነበርሽ ከኋላ ሆና ለመቅደላዊት ልትደውል ስልኳን አወጣች። ሐዋሳ ላይ ሆና እንደምትጠብቃት ታውቃለች፤ ወሬውን ስትሰማ እልል ብላ ጎረቤት እንደምታስደነግጥም ታውቃለች። ቁጥሩን ፈልጋ አገኘችው። ግን አልደወለችም፤ ስልኳን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ትነግራታለች፤ እስኪያልቅ ትነግራታለች። እስከዚያው ድረስ ግን ደስታውን ጥቂት ጊዜ ብቻዋን ልትይዘው ፈለገች፤ እርምጃዋን ፈጠን አድርጋም ተከተለቻቸው።